ልዩ ልዩ ማኅበረሰቦች ወደሚኖሩበት የከተማ ዳርቻ ሰፈር ከመዛወር በፊት፦ ጥቅሙንና ጉዳቱን የመመዘኛ መመሪያ

ከመሀል ከተማ ወጥቶ ቋንቋቸው፣ እምነታቸውና የትውልድ አገራቸው የተለያየ ሰዎች ወደሚኖሩበት የዳርቻ ሰፈር ለመዛወር የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ምክር ይደርሰዋል። አንዱ «ልጆችህ ዓለምን በደጃፋቸው ያያሉ» ይለዋል፤ ሌላው «እዚያ ማንም ማንንም አያውቅም» ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች ከእውነት የራቁ አይደሉም። ጉድለታቸው የሚዛወረው ቤተሰብ ስለሚኖርበት መንገድ፣ ልጆቹ ስለሚገቡበት ትምህርት ቤትና በየቀኑ ስለሚያደርገው ምልልስ አንድም ነገር የማይነግሩት መሆናቸው ነው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ውሳኔውን ገና ላልወሰነ ሰው ነው። የሚመራበት ሐሳብም አንድ ነው፤ የሕዝብ ስብጥር በወረቀት ላይ ሲታይ ማን የት እንደሚያድር ብቻ ያሳያል፣ ጥቅሙም ጉዳቱም የሚገኘው ግን ነዋሪዎቹ ቀን ቀን አብረው በሚያደርጉት ወይም በማያደርጉት ነገር ውስጥ ነው። ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ከወረቀቱ ወደ ዕለታዊው ኑሮ እየቀረቡ የሚሄዱ ናቸው። ለሥራው የሚያስፈልጉት ማስታወሻ ደብተር፣ የሰፈሩ ካርታ፣ የሒሳብ ማሽንና ሁለት ወር ያህል ጊዜ ናቸው። ሁለት ወር የሌለው ሰው ሁለተኛውን ደረጃ አሳጥሮ አራተኛውን በሙሉ ቢሠራ ይሻለዋል።

ደረጃ 1፦ የዳርቻነቱን ጉዳይ ከስብጥሩ ጉዳይ መለየት

በመጀመሪያ ዕድሜው የደረሰ የቤተሰቡ አባል ሁሉ፣ ከሌላው ሳይማከር፣ ለመዛወር የሚፈልግበትንና የሚሠጋበትን ምክንያት በወረቀት ላይ ይጻፍ። ከዚያም ወረቀቶቹን አንድ ላይ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ምክንያት ከሁለት ዓምዶች በአንዱ ሥር አስፍሩ። የመጀመሪያው ዓምድ ሰፈሩ ከከተማው ዳር በመሆኑ ብቻ የሚመጣውን ነገር ይይዛል፤ ሁለተኛው ደግሞ ነዋሪዎቹ የተለያዩ በመሆናቸው የሚመጣውን ነገር ይይዛል።

ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ ብዙ ውዥንብር ያጠራል። አንድ ክፍል መጨመር፣ ለልጆች መሮጫ ሜዳ ማግኘት፣ ሌሊት ጸጥታ ማግኘት፣ እንዲሁም በተቃራኒው መንገድ ላይ ብዙ ሰዓት ማጥፋትና ያለ መኪና መቸገር የመጀመሪያው ዓምድ ናቸው፤ ነዋሪዎቹ ሁሉ የአንድ አያት ልጆች ቢሆኑም እንኳ አይለወጡም። ልጆች በልማድና በእምነት ከማይመስሏቸው እኩዮቻቸው ጋር ማደጋቸው፣ አዲስ መጤ ሆኖ በሰው ዓይን ውስጥ አለመግባት፣ በተቃራኒውም ከጎረቤት ጋር በቋንቋ አለመግባባትና በስብሰባ ላይ በቀላሉ አለመስማማት የሁለተኛው ዓምድ ናቸው። በእኔ ግምት በእንዲህ ዓይነት ሰፈር ላይ ከሚሰማው ቅሬታ አብዛኛው፣ ቅሬታ አቅራቢው ራሱ ባያስተውለውም፣ የመጀመሪያው ዓምድ ቅሬታ ነው። ሁለት ሰዓት በመኪና ሰልፍ ውስጥ ተቀምጦ የመጣ ሰው የጎረቤቱ ሙዚቃ ከወትሮው ይልቅ ይከብደዋል።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን ማንበብ፣ ቀጥሎም ቁጥሩን መጠራጠር

የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት በማኅበረሰብ ተለይቶ በሚገኝበት አገር የአንድን ሰፈር ስብጥር በራስ ሒሳብ ማስላት ይቻላል። ዘዴው የእያንዳንዱን ማኅበረሰብ ድርሻ በራሱ ማባዛት፣ ውጤቶቹን መደመር፣ ድምሩንም ከ1 መቀነስ ነው። የሚገኘው ቁጥር ከሰፈሩ ነዋሪዎች መካከል በዕጣ የተመረጡ ሁለት ሰዎች ከተለያየ ማኅበረሰብ የመሆናቸውን ዕድል ያሳያል። ለምሳሌ አራት ማኅበረሰቦች እያንዳንዳቸው 25 በመቶ ቢሆኑ ውጤቱ 0.75 ይሆናል፤ አንዱ 90 ሌላው 10 በመቶ ከሆኑ ግን 0.18 ብቻ ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ይህንኑ ስሌት የሚጠቀም ሲሆን፣ በዘርና በብሔር ምንጭ ረገድ የአገሪቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2010 ከነበረበት 54.9 በመቶ በ2020 ወደ 61.1 በመቶ ማደጉን አስታውቋል።

ቁጥሩ ደስ የሚል ሆኖ ሲገኝ ወዲያውኑ መጠራጠር ያስፈልጋል። አሥር ሺህ ሰዎች የሚኖሩበትን አንድ የዳርቻ ሰፈር እናስብ፤ ግማሾቹ ከአንድ ማኅበረሰብ፣ ግማሾቹ ከሌላ ናቸው። ውጤቱ 0.5 ነው፤ ለሁለት ማኅበረሰብ ከዚህ የሚበልጥ ሊገኝ አይችልም። አሁን ሰፈሩን እኩል ሕዝብ ባላቸው አራት ቀጠናዎች እንክፈለውና በሁለቱ ቀጠናዎች 95 በመቶው ነዋሪ ከአንደኛው፣ በቀሩት ሁለቱ ደግሞ 95 በመቶው ከሌላኛው ማኅበረሰብ ነው እንበል። የሰፈሩ አጠቃላይ ቁጥር አልተነካም፤ በእያንዳንዱ ቀጠና ውስጥ ያለው ግን ወደ 0.095 ወርዷል። በሌላ አነጋገር ሕዝቡ በአራቱ ቀጠናዎች እኩል እንዲሰራጭ ከአንዱ ማኅበረሰብ 90 በመቶው ቤት መቀየር ይኖርበታል። የሽያጭ ማስታወቂያው «ልዩ ልዩ ሕዝብ የሚኖርበት» ያለው ይህንኑ ሰፈር ሊሆን ይችላል፤ አልዋሸም፣ ግን የነገረዎት የካርታውን ጠርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሌቱን ሊገቡበት ባሰቡት ቀጠና፣ ቢቻልም በመንገዱ ደረጃ ይድገሙት።

ቀጥሎ የሁለት ቆጠራዎችን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሰፈር ስብጥር ያለው የሚመስለው አንዱ ማኅበረሰብ እየወጣ ሌላው እየገባ ባለበት አጋጣሚ ፎቶግራፍ ስለተነሣ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ቶማስ ሼሊንግ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት ይህን በሳንቲምና በቼዝ ሰሌዳ አሳይቷል። እያንዳንዱ ሳንቲም የሚፈልገው ከጎረቤቶቹ ጥቂቱ ብቻ እርሱን እንዲመስሉት ነው፤ ብቻውን መቅረት እንጂ መደባለቅ አያስከፋውም። ያልተመቸው ሳንቲም ወደ ባዶ ቦታ እየተዛወረ ሲሄድ ግን ሰሌዳው ማንም ባላቀደው መንገድ በየወገኑ ይከፈላል። ሼሊንግ በ2005 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ ነው። ለቤት ፈላጊ የሚሆነው ትምህርት ስብጥር በራሱ ጸንቶ የሚቆም ነገር አለመሆኑ ነው፤ ጸንቶ የቆየበት ቦታ ካለ አንድ አካል ጠብቆታል ማለት ነው።

ስለዚህ ማን እንደሚጠብቀው ይጠይቁ። በቺካጎ ጎን የምትገኘው ኦክ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1968 በቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎን የሚከለክል ደንብ አውጥታ፣ በ1972 ደግሞ ተከራዮችን በማማከር አንድ አካባቢ በአንድ ወገን ብቻ እንዳይያዝ የሚሠራ የቤቶች ማእከል ተቋቁሞላት ስብጥሯን ለአሠርት ዓመታት ይዛለች። ሲንጋፖር ከ1989 ጀምሮ በመንግሥት ቤቶች ውስጥ እያንዳንዱ ማኅበረሰብ በአንድ ሕንፃና በአንድ ሰፈር ሊይዝ የሚችለውን ድርሻ በኮታ ወስናለች፤ ይህም መገለልን ቢከላከልም፣ የኮታው ጣሪያ የሞላበት ባለቤት ቤቱን ለፈለገው ገዢ መሸጥ እንዳይችል በማድረግ የራሱን ችግር አምጥቷል። ሊዛወሩበት ባሰቡት ቦታ እንዲህ ዓይነት ደንብ፣ ማእከል ወይም ንቁ የነዋሪዎች ማኅበር ከሌለ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ የሚኖሩበት ሰፈር ዛሬ የመረጡት ላይሆን እንደሚችል በሁለተኛው ዓምድ ካሉት ጉዳቶች ጋር ይመዝግቡት።

ደረጃ 3፦ የቤቱን ዋጋ ከመንገዱ ዋጋ ጋር መደመር

ይህ ደረጃ ከስብጥር ጋር የሚገናኘው በተዘዋዋሪ ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡን ያልሠራ ሰው ሌላውን ሁሉ በተሳሳተ ሚዛን ይመዝናል። የቤት ወጪ ከገቢ 30 በመቶ አይለፍ የሚለው የተለመደ መለኪያ የዳርቻ ሰፈሮችን ርካሽ ያስመስላቸዋል። የተሻለው መለኪያ የቤትንና የመጓጓዣን ወጪ አንድ ላይ ደምሮ ከገቢ 45 በመቶ እንዳይበልጥ የሚጠይቀው ነው። አንድ ቤተሰብ በከተማው ውስጥ ለቤት 36፣ ለመጓጓዣ 6 በመቶ ያወጣል እንበል፤ ድምሩ 42 ነው። በዳርቻው ለቤት 27 በመቶ ብቻ ከፍሎ ሁለተኛ መኪና በመግዛቱ መጓጓዣው 19 ቢደርስ ድምሩ 46 ይሆናል። ርካሹ ቤት ውድ ሆነ ማለት ነው። በመጓጓዣ ሥር ነዳጅን ብቻ መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ መድን፣ ጥገና፣ የመኪናው ዋጋ በየዓመቱ መቀነሱና የማቆሚያ ክፍያ ሁሉ ይግቡ። በቤት ሥርም የንብረት ግብር፣ የነዋሪዎች ማኅበር መዋጮና የዕድሳት ወጪ ይግቡ።

ጊዜንም እንዲሁ አስሉት። ወደ ሥራ የሚወስደው መንገድ ከ20 ደቂቃ ወደ 50 ደቂቃ ቢያድግ ጭማሪው ደርሶ መልስ በቀን አንድ ሰዓት ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት 46 ሳምንት ሲሠራበት 230 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ወደ 29 የሚጠጉ የስምንት ሰዓት የሥራ ቀናት ማለት ነው። ይህ ሰዓት የሚቀነሰው ከየት እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ ከጎረቤት ጋር ቆሞ ከመነጋገሪያው፣ ከወላጆች ስብሰባውና ከልጆች ጨዋታ ሜዳው ነው። ስብጥር ያለውን ሰፈር የመረጡት ከሰዎቹ ጋር ለመኖር ከሆነና ሰዎቹ ነቅተው ባሉበት ሰዓት እርስዎ መንገድ ላይ ከሆኑ፣ የሁለተኛው ዓምድ ጥቅሞች በሙሉ በወረቀት ላይ ይቀራሉ።

ደረጃ 4፦ ሰፈሩን በተለያየ ሰዓት ቆሞ ማየት

አንድ ጊዜ እሑድ ጠዋት ያየሁትን መንገድ ለሳምንት ያህል ሳወድሰው ኖሬ ማክሰኞ ማታ ስመለስ ሌላ መንገድ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ዛፎቹ እነዚያው ናቸው፣ መኪና ማቆሚያ ግን የለም፣ የእግረኛው መንገድም በተደረደሩ መኪናዎች ተዘግቷል። ስለዚህ ቢያንስ አራት ጊዜ ይሂዱ፤ በሥራ ቀን ጠዋት ሰዎች ሲወጡ፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ፣ በሥራ ቀን ማታና በዕረፍት ቀን ከሰዓት በኋላ። እያንዳንዱ ጉብኝት አንድ ሰዓት ያህል ይውሰድ፤ በመኪና ውስጥ ተቀምጦ ማየት አይቆጠርም።

ከአራቱ ሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው የትምህርት ቤቱ በር ነው። ደወል ከመደወሉ ሃያ ደቂቃ በፊት ደርሰው ወላጆቹ እንዴት እንደሚቆሙ ይመልከቱ። በየቋንቋው በየቋንቋው ተሰብስቦ መቆም በራሱ መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ሰው በሚቀለው ቋንቋ ማውራት ይወዳል። መቁጠር የሚገባው በቡድኖቹ መካከል የሚያልፈው ሰው ነው። አንዲት እናት ከትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት ይዛ ከሌላ ቡድን ወዳለች ሴት ሄዳ ብታስነብባት፣ አንድ አባት የራሱን ያልሆነ ልጅ በስሙ ጠርቶ ከመንገድ ቢመልሰው፣ ሁለት ልጆች የሁለት ወላጆችን እጅ እየጎተቱ ካላስተዋወቅናችሁ ቢሉ፣ እነዚህን በደብተርዎ ላይ ይጻፏቸው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አንድም ካላዩ ሌላ ቀን ይመለሱ፤ በሦስት ቀን አንድም ካላዩ ግን ያ ራሱ መልስ ነው።

ሁለተኛው ጥሩ ቦታ የቤተ መጻሕፍቱ ወይም የማኅበረሰብ ማእከሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ማስታወቂያዎቹ በስንት ቋንቋ እንደተጻፉ ብቻ ሳይሆን ቀናቸውንም ያንብቡ። በአምስት ቋንቋ የተጻፈ፣ ፀሐይ ያጠወለገውና ቀኑ ካለፈ ሰባት ወር የሆነው የእንኳን ደህና መጣችሁ ወረቀት፣ በአንድ ቋንቋ ከተጻፈና ትናንት ከተለጠፈ «የእግር ኳስ ተጫዋች እንፈልጋለን» ከሚል ወረቀት ያነሰ ዋጋ አለው።

ይህን ያህል በዝርዝር እንዲያዩ የምመክረው ያለ ምክንያት አይደለም። የሥነ ልቦና ሊቁ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስቀመጠው፣ የተለያዩ ወገኖች መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው በተለይ አራት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ በግንኙነቱ ውስጥ እኩል ደረጃ ሲኖራቸው፣ የጋራ ግብ ሲይዙ፣ ለግቡ ተባብረው ሲሠሩና ሕግ ወይም ባለሥልጣን ሲደግፋቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ በ2006 ከአምስት መቶ የሚበልጡ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ግንኙነት በአብዛኛው ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ አራቱ ነገሮች ሲሟሉ ደግሞ ውጤቱ እንደሚበረታ አረጋግጠዋል። በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ጎን ለጎን መቆም ከአራቱ አንዱንም አያሟላም። የልጆች ቡድን አብሮ ማሠልጠን፣ ለመንገድ መብራት አብሮ ፊርማ ማሰባሰብ ወይም የሕንፃን ጣራ ለማሳደስ አብሮ መዋጮ ማዋጣት ሁሉንም ሊያሟላ ይችላል።

በሌላው ወገን ያለውን ማስረጃም መደበቅ አያስፈልግም። የፖለቲካ ሳይንስ ሊቁ ሮበርት ፓትናም በአሜሪካ ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን መልስ መርምሮ በ2007 ያሳተመው ጥናት፣ ስብጥር በበዛባቸው አካባቢዎች ሰዎች በጎረቤታቸው ላይ ያላቸው እምነት ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ፣ ይህም ለሌላው ወገን ብቻ ሳይሆን ለራሳቸው ወገን ሰዎችም እንደሚሆን አሳይቷል። ፓትናም ራሱ ይህ የአጭር ጊዜ ውጤት እንደሆነና በረጅም ጊዜ ሰዎች ሰፊ የጋራ ማንነት እየፈጠሩ እንደሚሻገሩት ያምናል፤ ከእርሱ በኋላ መረጃውን እንደገና የመረመሩ ሊቃውንት ደግሞ ድህነትና የኑሮ አለመረጋጋት የራሳቸው ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው ተከራክረዋል። ለሚዛወር ሰው የሚሆነው ተግባራዊ ትርጉም ግን ግልጽ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብቸኝነት ሊያገኝዎት እንደሚችል አስቀድመው ይቁጠሩት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው ጎረቤቱ ጎረቤት እስኪሆን ድረስ ያለው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው።

ደረጃ 5፦ በትምህርት ቤቱ በር ሳይቆሙ ወደ ክፍሎቹ መግባት

ልጅ የሌለው ሰው ይህን ደረጃ ሊያልፈው ይችላል፤ ቤት ገዝቶ በኋላ የሚሸጥ ከሆነ ግን ለገዢው ልጆች ሲል ያንብበው።

በግቢው ውስጥ ሁሉም ዓይነት ልጅ የሚታይበት ትምህርት ቤት በክፍሎቹ ውስጥ ለሁለት የተከፈለ ሊሆን ይችላል። ተማሪዎች በችሎታ በሚመደቡበት ትምህርት ቤት ከፍተኛው ክፍል በአንድ ማኅበረሰብ፣ የድጋፍ ክፍሉ በሌላው ተሞልቶ ይገኛል፤ በዕረፍት ሰዓት ፎቶ ላይ ግን ሁሉም አብረው ይታያሉ። ስለዚህ ርእሰ መምህሩን ሲያነጋግሩ ጥያቄው «ስንት ዓይነት ተማሪ አላችሁ» መሆን የለበትም። ተማሪዎች ለየክፍሉ የሚመረጡት በምን እንደሆነ፣ አንድ ልጅ በዓመቱ መካከል ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው መሸጋገር ይችል እንደሆነ፣ የትምህርቱን ቋንቋ ገና የሚማር ልጅ በሳምንት ስንት ሰዓት ድጋፍ እንደሚያገኝ፣ ወላጅ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ መኖሩን፣ ባለፉት ሦስት ዓመታትም ስንት መምህራን እንደለቀቁ ይጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ርእሰ መምህሩን ደስ ላያሰኘው ይችላል፤ መምህር የማይበረክትበት ትምህርት ቤት ግን ሌላ ምንም ቢኖረው ልጅን ያለማቋረጥ ያስጀምረዋል እንጂ አያስጨርሰውም።

የፈተና አማካይ ውጤትን በጥንቃቄ ያንብቡ። አማካዩ በእጅጉ የሚከተለው የወላጆችን ገቢና የትምህርት ደረጃ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ የጨመረው ነገር የሚታየው ተማሪው ከገባበት ጊዜ እስከ አሁን ምን ያህል እንዳደገ ሲለካ ነው። የዕድገት መለኪያ ካለ እርሱን ይጠይቁ።

የልጁ ዕድሜም ይመዘን። እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በአምስት የአሜሪካ ከተሞች በተካሄደ ሙከራ፣ ድህነት ከበዛበት ሰፈር ድህነት ወዳነሰበት እንዲዛወሩ በዕጣ ዕድሉ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ለዓመታት ክትትል ተደርጎባቸዋል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ በ2016 እንዳሳተሙት፣ 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ልጆች በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ገቢያቸው ካልተዛወሩት ወደ 31 በመቶ በልጦ ተገኝቷል፤ በጉርምስና የተዛወሩት ግን ጥቅም አላገኙም፣ እንዲያውም ትንሽ የመጎዳት ምልክት ታይቶባቸዋል። ሙከራው የመረመረው የሰፈሩን የድህነት መጠን እንጂ የማኅበረሰብ ስብጥሩን አይደለም፤ ሆኖም የ15 ዓመት ልጅን ከጓደኞቹ ነቅሎ መውሰድ የራሱ ዋጋ እንዳለው ያስታውሳል። የ6 ዓመት ልጅ ከየትኛውም ዓይነት ልጅ ጋር በአንድ ኳስ ይግባባል፤ የ15 ዓመቱ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ ከተወሰነ በኋላ የሚደርስ እንግዳ ነው።

ደረጃ 6፦ ትክክለኛውን ጥያቄ ለትክክለኛው ሰው ማቅረብ

የቤት ደላላን «ምን ዓይነት ሰዎች ይኖራሉ» ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ ገዢን በዘሩ፣ በእምነቱ ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት ወደዚህ ወይም ወደዚያ ሰፈር መምራትን ስለሚከለክል ጥንቁቅ ደላላ አይመልስልዎትም፤ እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ቦታም ቢሆን መልሱ የሚሸጥ ሰው መልስ ነው። ሦስት ሰዎችን ይፈልጉ፤ ከገባ አንድ ዓመት ያልሞላው ተከራይ፣ ሃያ ዓመት ያህል የኖረ ባለቤትና ለቆ የወጣ ሰው። ሦስተኛውን ማግኘት ይከብዳል፤ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ከሚነግሩዎት የበለጠ ሊነግርዎት ይችላል።

«ሰፈሩ እንዴት ነው» የሚል ጥያቄ «ጥሩ ነው» የሚል መልስ ብቻ ያመጣል። ከዚህ ይልቅ የሆነ ነገርን ይጠይቁ። መጨረሻ ጊዜ ለጎረቤትዎ ቁልፍ አደራ የሰጡት መቼ ነው? ከእርስዎ ማኅበረሰብ ያልሆነ ሰው ቤት ገብተው ያውቃሉ? በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ መጨረሻ የተጣላችሁት በምን ነበር፣ እንዴትስ አለቀ? ጠብ የለም የሚል መልስ ሁልጊዜ ሰላም ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ስብሰባ የለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ በትሕትና የሚታለፍ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርስዎ ራስዎ በዚያ ሰፈር ውስጥ ማን እንደሚሆኑ ነው። ብዙኃኑ ወገን ሆኖ ወደ ስብጥር የሚገባ ሰውና በመንገዱ ላይ የወገኑ ብቸኛ ሆኖ የሚገባ ሰው አንድ ዓይነት ሰፈር አያዩም። የመጀመሪያው የሚያገኘው ትርፍ ነው፤ ሁለተኛው ግን ልጁ በክፍሉ ውስጥ ስለ ስሙ ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ፣ ፖሊስ ማታ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው እንዴት እንደሚያናግር፣ ሐኪም ቤት በሚያውቀው ቋንቋ የሚሰማው ሰው መኖሩንና የሚጸልይበት ቦታ ምን ያህል እንደሚርቅ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በዚህ ረገድ ምስክርነት መጠየቅ ያለብዎት እርስዎን የሚመስል ሰው ነው። ሌሎች ነዋሪዎች «እኛ ጋ አድልዎ የለም» ሲሉ ከልባቸው ሊሆን ይችላል፤ ያልደረሰባቸውን ግን ሊያዩት አይችሉም።

ደረጃ 7፦ መመዘን

አሁን ደብተሩ ሞልቷል። ነጥብ እየሰጡ መደመር ከመጀመርዎ በፊት በማንኛውም ነገር የማይካካሱትን ለይተው ያውጡ፤ ለምሳሌ ለታመመ የቤተሰብ አባል ሐኪም ቤት በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ መድረስ። ከእነዚህ አንዱ ካልተሟላ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ሰፈሩ ይሰረዛል፤ ሒሳብ አያስፈልገውም።

የቀረውን ለመመዘን የተለመደው መንገድ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ከ1 እስከ 5 ክብደት፣ ለሰፈሩም በዚያ ጉዳይ ከ1 እስከ 5 ውጤት ሰጥቶ ማባዛትና መደመር ነው። እኔ በዚህ ላይ አንድ ምልክት እጨምርበታለሁ፤ ከእያንዳንዱ ጉዳት ጎን «በእጃችን ነው» ወይም «በእጃችን አይደለም» ብሎ መጻፍ። ጎረቤትን አለማወቅ፣ የቋንቋ እንቅፋትና የመጀመሪያው ዓመት ብቸኝነት በአብዛኛው በእጅ ናቸው። የመንገዱ ርዝመት፣ የመምህራን መልቀቅ፣ ከሰፈሩ ጀርባ ሊሠራ የታቀደ አውራ ጎዳናና የሕዝቡ የመለዋወጥ ፍጥነት በእጅ አይደሉም። ሁለት ሰፈሮች እኩል ነጥብ ካመጡ ጉዳቱ በእጅ ያለውን ይምረጡ። ባልና ሚስት ሚዛኑን ለየብቻቸው ሞልተው በኋላ ያነጻጽሩት፤ ልዩነቱ የሰፋበት መስመር ከድምሩ ይልቅ ውይይት ይሻል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ አንዱ ቀኑን በሰፈሩ የሚውል፣ ሌላው የሚያድርበት ብቻ ነው።

ደረጃ 8፦ ከመግዛት በፊት ተከራይቶ መኖር

የሚቻል ከሆነ ለአንድ ዓመት፣ ካልሆነም ለስድስት ወር ይከራዩ። ሁለት ጊዜ ዕቃ መጫን ያደክማል፤ በየትኛውም የቤት ብድር ውል ውስጥ ግን ሃሳብን ለመቀየር ይህን ያህል ርካሽ አንቀጽ አይገኝም። በውሉ ላይ ከጊዜው በፊት ለመልቀቅ የሚያስፈልገው ማስታወቂያ ስንት ቀን እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ያንብቡ።

በመጀመሪያዎቹ ዘጠና ቀናት አንድ ነገር ብቻ ይምረጡና በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ይገኙበት። የልጆች ሥልጠና፣ የጽዳት ዘመቻ፣ የቋንቋ ትምህርት ወይም የሕንፃው ኮሚቴ ሊሆን ይችላል። አምስት ቦታ አንድ አንድ ጊዜ ከመታየት አንድ ቦታ አሥር ጊዜ መታየት ስም ያስጠራል። በስብሰባ ላይ ኃላፊነት ሲሰጥዎት ትንሹን ይቀበሉ፤ ቁልፍ መያዝና ወንበር መደርደር ከንግግር ይልቅ ቶሎ ያስተዋውቃል።

የኪራይ ውሉ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው በደረጃ 1 የጻፋችኋቸውን ወረቀቶች አውጡና የቤተሰቡ አባላት ሁሉ እንደገና፣ አሁንም ሳይመካከሩ፣ ያርሟቸው። ያኔ የሠጋችሁበት የትኛው እንደተሰረዘ፣ ማንም ያልጻፈው የትኛው ስጋት አዲስ እንደተጨመረ ይታያል። ከዚያም እያንዳንዱ ሰው በወረቀቱ ጀርባ ላይ እኩለ ሌሊት ቢቸግረው በሩን ሊያንኳኳ የሚችላቸውን የሰፈሩን ሰዎች ስም ይጻፍ። የመግዛቱ ንግግር ከባንኩ ጋር የሚጀመረው ይህ ዝርዝር በቤቱ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ከተነበበ በኋላ ይሁን።